ጥንዱ የትራስ ልብስ

ነገሌ ቦረና ውስጥ፣ ከጦር ሰፈሩ አጥር ዝቅ ብሎ በነበረው የቆርቆሮ ቤቶች ረድፍ፣ ጥልፍ የማታውቅ ሴት አልነበረችም። የወታደር ሚስት ሁሉ የትራስ ልብስ ትጠልፋለች፤ ሁልጊዜም ጥንድ ነው። አንዱ ላይ «መልካም»፣ ሌላው ላይ «ሕልም» ይጻፋል። ባል ሲዘምት አንዱን ሻንጣው ውስጥ ይዞ ይሄዳል፤ ሲመለስ ሁለቱ ትራሶች ጎን ለጎን ሆነው ቃሉ ይሞላል።

እትዬ ወርቅውሃ ከሌሎቹ ትለይ ነበር። ሌሎቹ ከአዲስ አበባ ከመጣ ንድፍ ላይ ጽጌረዳ በካርቦን ሲገለብጡ፣ እሷ ሜዳ ወርዳ አበባ ትለቅማለች። ከዝናብ በኋላ ቀዩ መሬት ላይ ለሳምንት ብቻ ብቅ የሚሉትን፣ ስማቸውን እንኳ የማታውቃቸውን፣ ዳዊቷ ውስጥ አድርቃ አቡጀዲ ላይ በእርሳስ ትስላቸዋለች። በራፏ ላይ በዘይት ጣሳ የተከለቻቸውም ነበሩ። ይህን የምጽፈው ጎረቤቷ የነበረችው እናቴ ንግሥት እንደነገረችኝ ነው፤ እኔ በደንብ የማስታውሰው ጣሳዎቹን ብቻ ነው።

በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. ጥር ላይ ባሏ ሃምሳ አለቃ ፍስሐ ወደ ምሥራቁ ድንበር ታዘዘ። እሷም በአንድ ሳምንት ጥንዱን ጨረሰች። የመረጠችው በአሬሮ መንገድ ያየችውን፣ ግንዱ ያበጠ፣ ቅጠል የሌለው፣ አበባው ብቻ ሮዝ የሆነ ዛፍ ነበር። ሊሄድ ሲል ወተት የምታመጣላቸው ቱሜ ጥልፉን አየችው።

«ይሄን ነው የሰፋሽለት?» አለች። «የዚህ ዛፍ ፈሳሽ መርዝ ነው እኮ! ወንዶቻችን ቀስት ላይ ይቀቡታል። ፍየል እንኳ አትነካውም።»

ወርቅውሃ ልትተረትረው መቀስ አነሳች። ፍስሐ ከእጇ ነጠቃት።

«ልበላው ነው እንዴ? ልተኛበት ነው!» ብሎ እየሳቀ «መልካም» የሚለውን ሻንጣው ውስጥ ከተተው።

ሚያዝያ ላይ ሻንጣው ብቻውን ተመለሰ። ቦት ጫማ፣ ብርድ ልብስ፣ መላጫ። የትራስ ልብሱ የለም። ያመጣው ወታደር መሞቱን እንጂ የተቀበረበትን አያውቅም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሊያለቅሱ ቢመጡ በር ላይ አቆመቻቸው።

«የትራስ ልብሱ ሲመጣ አለቅሳለሁ።»

«አፈር የለበሰ ሰው ትራሱን ይልካል እንዴ?» አለች አንዷ እየተመለሰች።

ከዚያ በኋላ መርፌ አልነካችም። ጣሳዎቹም ውሃ አጥተው ደረቁ። አልጋውን ግን በየቀኑ ለሁለት ሰው ታነጥፋለች፤ አንዱ ትራስ «ሕልም» የለበሰ፣ ሌላው ባዶ።

«ባዶውን ጠዋት ጠዋት ጎድጉዶ አገኘዋለሁ፣ ንግሥት» አለቻት አንድ ቀን።

«ድመት ተኝታበት ነዋ።»

«ድመት የለኝም።»

«የእኔዋ ናት! እኔ ቤት በልታ አንቺ ዘንድ ታድራለች» አለች እናቴ እየሳቀች። በዚያ ዓመት እናቴ ድመት አልነበራትም።

«መርዝ ላይ ያስተኛሁት እኔ ነኝ» አለች ወርቅውሃ።

በተከታዩ በጋ ቱሜ ወተቷን ሳትይዝ መጣች። እናቴም እዚያው ነበረች።

«አካም፣ እትዬ። ናጋ?» አለች በአገሯ ሰላምታ።

«ናጋ፣ ቱሜ። ግቢ።»

አልገባችም። ከጉያዋ የታጠፈ ጨርቅ አወጣች። ሮዙ ክር በፀሐይ ነጥቷል፤ «መልካም» ግን ይነበባል።

«ወንድሜ ዳባሶ ግመሎቹን ይዞ ሩቅ ወርዶ ነበር። ዛፍ ሥር ድንጋይ እንደ መቃብር ተከምሮ አየ። ይሄ መሬት ወድቋል፤ ዛፉ ላይ የታሰረበት ክር ተበጥሷል። አበባውን ሳየው አወቅኩት።»

«ምን ዛፍ ነው?»

ቱሜ ዓይኗን ወደ ጥልፉ መለሰች።

«ምን ዛፍ ነው፣ ቱሜ?»

«ያው ነው። የሰፋሽው።»

እናቴ የወርቅውሃን ክንድ ያዘች።

«ሌላ ዛፍ አጥተው ነው?» አለች ወርቅውሃ።

«በበጋ እዚያ የሚያብብ ሌላ የለም» አለች ቱሜ። «ጓደኞቹ አበባ ፈልገውለት ይሆናል።»

ወርቅውሃ ብዙ ቆማ ጨርቁን አየችው። ከዚያ ገብታ የራሷን ትራስ ልብስ አወለቀች። «ሕልም»ን ከ«መልካም» ጎን አድርጋ፣ ክሩን አደራርባ፣ ሁለቱን ጠርዝ ለጠርዝ ሰፋቻቸው። በአራቱም ማዕዘን ወፍራም ማሰሪያ ጨመረችበት። አጥፋም ለቱሜ አቀበለቻት።

«ዳባሶ ወደዚያ ይመለሳል?»

«ዝናቡ ሳይጀምር።»

«እዚያው ዛፍ ላይ ይሰርልኝ። አጥብቆ፤ ነፋስ እንዳይወስደው።»

ቱሜ ጨርቁን ጉያዋ ከትታ ስትሄድ፣ ወርቅውሃ ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

«ንግሥት፣ አሁን ሴቶቹን ጥሪልኝ።»

ለቅሶው ካለፈ በኋላ እናቴ ጠዋት ጠዋት ይጎደጉድ ስለነበረው ትራስ ጠየቀቻት።

«አሁን ሁለቱም ባዶ ናቸው» አለቻት። «ሁለቱም ይጎደጉዳሉ፤ የእኔም፣ የእሱም።»