ሥሩ ከማዶ፣ ፍሬው ከወዲህ፦ የከሚሴ የዱር ወይን ለቀማ

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ደሴ

ከደሴ የተነሳሁት ጉሙ መንገዱን ሳይለቅ ነው። በአንድ እጄ የልብስ ቦርሳ፣ በሌላው ባዶ ጠርሙሶች የታጨቁበት ካርቶን ይዣለሁ። መናኸሪያ ውስጥ ረዳቱ ካርቶኑን ተቀብሎ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሊወረውረው ሲል ጮህኩበት።

«ቀስ! ጠርሙስ ነው!»

«ምን አለበት?»

«ባዶ ነው።»

ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ባዶ ጠርሙስ ወደ ከሚሴ? እህቴ፣ እኛ የለመድነው የሞላውን ነው።»

«ኢንሻአላህ ሞልቶ ይመለሳል» አልኩት። ከኋላዬ የተቀመጡ ሴትዮ ስለምን እንደምናወራ ሳይጠይቁ «አሚን» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ያገባው ከሚሴ አጠገብ ካለ መንደር ነው። የሚስቱ የራውዳ እናት አደ ዘህራ በዚህ ሳምንት ለልጃቸው ደውለው፣ «ወይኑ ደርሷል፤ ያቺን ማርማላታ የምትሠራውን ሐያትን ላኪልኝ» ብለው አዘዙ። ሐያት እኔ ነኝ። «አደ» በአገሩ ኦሮምኛ ለእናትና ለትልቅ ሴት የሚሰጥ መጠሪያ ነው። የማርማላታ ሙያዬ ከጓሮዬ ኮክ አልፎ አያውቅም፤ የዱር ወይን ደግሞ በዓይኔም አይቼ አላውቅም። ግን የትንሿ ልጃቸው የከዲጃ ኒካ ደርሷል። አደ ዘህራ ለሠርጉ ሩዝ ዘቢብ፣ ለአማቾቹ ደግሞ ማርማላታ ማዘጋጀት ፈልገዋል። እንዲህ ተጠርቶ ማን ይቀራል?

ሐሙስ፣ ረፋድ፤ ጨፋ

የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ። ኮምቦልቻ ላይ ጋቢዬን አወለቅሁ፤ ሐርቡ ስንደርስ ሹራቤን። ከዚያ በኋላ የሚወልቅ ስለሌለኝ መስኮት ከፈትኩ።

የጨፋ ሸለቆ በኅዳር ሲታይ ልብ ይሞላል። ማሽላው ራሱ ቀልቶ፣ ከክብደቱ የተነሳ ጎንበስ ብሎ ቆሟል። በየማሳው መካከል ከፍ ያለ የእንጨት ማማ አለ፤ ማማው ላይ የቆመ ሰው ወንጭፉን አሽከርክሮ ሲለቀው ድምፁ እንደ ጅራፍ ይጮኻል፤ የወፍ መንጋ ብድግ ብሎ ጎረቤት ማሳ ላይ ያርፋል። እዚያም ሌላ ወንጭፍ ይጠብቀዋል። መንገድ ዳር ፓፓያ፣ ሽንኩርት፣ ሸንኮራ አገዳ። የግመል ቅፍለት አስፋልቱን ሲያቋርጥ ሁላችንም ቆመን አሳለፍን።

ሾፌሩ የጠርሙሶቹ ነገር አልወጣለትም፤ ለዱር ወይን ማርማላታ መሆኑን ነገርኩት። «ለማርማላታ ስኳር ምን ያህል ይገባል?»

«የፍሬውን ግማሽ ያህል።»

«እህ! ወይኑ በነፃ ቢለቀም ምን ይረባል ታዲያ? ሙሽራዋ ስኳሯ ናት በይኛ!»

መኪናው በሳቅ ተናወጠ።

ሐሙስ፣ ከሰዓት፤ መንደሩ

ከከሚሴ መናኸሪያ ባጃጅ ያዝኩ። አስፋልቱን ለቅቀን በማሽላና በጤፍ መካከል በአቧራ መንገድ ተጓዝን። አደ ዘህራ ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አጭር ናቸው፤ ድምፃቸው ግን የሁለት ሰው ነው።

«በጋ ነጋን ዱፍቴ! እንኳን በሰላም መጣሽ ልጄ! ራውዳ ፈያዳ? ልጆቹ ደኅና? ግቢ፣ ፀሐይ መታሽ!» አማርኛውና ኦሮምኛው በአንድ ትንፋሽ ይወጣል፤ እኔም የገባኝንም ያልገባኝንም «አልሐምዱሊላህ» እያልኩ መለስኩ።

የማሽላ እንጀራ በእርጎ ተበላ። ጓሮው ሌላ ገበያ ነው። ቲማቲም ተሰንጥቆ፣ ጨው ተነስንሶበት ሰሌን ላይ ተሰጥቷል። ዝንብ እንዳይነካው አሮጌ አጎበር ተዘርግቶበታል። ሎሚ በጨው ታሽቶ በእንስራ ተከትቷል። አደ ዘህራ በየተራ እየከፈቱ አስቀመሱኝ። «ዓመቱን ሙሉ ገበያ ሄጄ ሎሚ አልገዛም» አሉ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

ወደ ወይኑ የወሰደችኝ ከዲጃ ናት። ጥርሷ በከንፈሯ የማይከደን፣ ረጅም፣ ፈጣን ልጅ። ከቤቱ በታች ወደ ቦርከና የሚወርድ ትንሽ ወንዝ አለ። ከወዲህ ዳር አንድ ትልቅ ሾላ ቆሟል። ሐረጉ ግን ከማዶ ነው የበቀለው። ግንዱ እንደ ሰው ክንድ ወፍሮ ከማዶው ቁጥቋጦ ወጥቶ፣ ወንዙን በአየር ተሻግሮ ሾላው ላይ ተጠምጥሟል። ከቅርንጫፉ ሁሉ ጥቁር ዘለላ ተንጠልጥሏል። ማን እንደተከለው የሚያውቅ የለም።

«ማዶው የማን ነው?» አልኳት።

ፈገግታዋ ከደን አለ። «የአያ ይመር። የአባቴ የልብ ወዳጅ ነበሩ። ልጅ ሆኜ በትከሻቸው ነው ወንዙን ያሻግሩኝ የነበረው።»

ቀሪውን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነገረችኝ። ሐረጉን በገመድ ስቦ ወንዙን ያሻገረው አባቷ ነው። አባቷ በሞተ በዓመቱ አያ ይመር ያንን የተሳበ ቅርንጫፍ ሳይጠይቁ ቆረጡት። ደርቋል አሉ። እናቷ፣ አልደረቀም፣ የባሌን እጅ ነው የቆረጥከው አሉ። አያ ይመርም ክፉ ቃል አመለጣቸው፦ «ሥሩ የኔ ነው።» አደ ዘህራም፣ «ፍሬው የኔ ነው።» ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። ሐረጉ በራሱ ጊዜ ሌላ ቅርንጫፍ ልኮ ወንዙን ተሻገረ፤ እነሱ ግን አልተሻገሩም። በየዓመቱ የሚበላው ጦጣ ነው።

«ኒካዬ ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንዲቀመጡልኝ እፈልጋለሁ» አለች ከዲጃ። «እማዬ ‘ለምኜ አልጠራም’ አለች። እሳቸው ደግሞ ሳይጠሩ የሚመጡ ሰው አይደሉም።»

ዓርብ፣ ማለዳ፤ ሾላው ሥር

«ጦጣ ሳይነቃ እንንቃ» ብለው አደ ዘህራ ቀሰቀሱን። ከዲጃ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ቅርጫት በገመድ ይዛ ሾላው ላይ ወጣች። እኔና እናቷ ከሥር ሆነን እንቀበላለን። ፍሬው ከአተር ትንሽ ከፍ ይላል፤ ጥቁር ነው፤ ላዩ ላይ አመድ የመሰለ ጭጋግ አለው። አንዱን አፌ ውስጥ ጣልኩት። መጀመሪያ መንጋጋ የሚያስር ኮምጣጣ፣ ቀጥሎ ዓይን የሚያስጨፍን ጣፋጭ። ብዙም ሳይቆይ እጃችን፣ ከንፈራችን፣ የአደ ዘህራ ሻሽ ሁሉ ወይን ጠጅ ቀለም ሆነ።

ቅርጫቱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲወርድ ጦጣዎቹ መጡ። መንጋው በሐረጉ ላይ እንደ ድልድይ እየሮጠ ከማዶ ተሻገረ። ከዲጃ ቅርንጫፍ ነቀነቀች፤ አልሰሟትም። አንዱ ዘለላ ከእጇ ነጥቆ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ መብላት ጀመረ። አደ ዘህራ ጫማቸውን ወረወሩ፤ ጫማው ወንዝ ገባ።

ያኔ አየሩ ጮኸ። ድንጋይ በቅጠሉ መካከል ሽው ብሎ አለፈ፤ መንጋው ተበተነ። ማዶ ላይ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሽማግሌ ወንጭፋቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

«ማን ጠራው?» አሉ አደ ዘህራ፣ ለእኔ፣ ግን ማዶ እንዲሰማ አድርገው።

ሽማግሌው ወደ ሰማይ አንጋጠው መለሱ። «ጦጣ ለማባረር የጥሪ ወረቀት አያስፈልግም!»

ከዲጃ ዛፉ ላይ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ቅርንጫፍ አቀፈች። አደ ዘህራ ከንፈራቸውን ነከሱ። ሊሳደቡ ይሁን ሊስቁ አልለየሁም። አያ ይመር ግን ለቅመን እስክንጨርስ ከዚያ ዳር አልተነሱም።

ዓርብ፣ ከሰዓት፤ እሳት ዳር

ወንዶቹ ጁምዓ ሲሄዱ እኛ ድስት ጣድን። ሥራውን ተከፋፈልን፤ ጠንካራውና ሙሉው ዘለላ ለዘቢብ፣ የላላው ለማርማላታ። የዘቢቡን በፈላ ውኃ ነክረን ወዲያው አወጣንና ሰሌን ላይ አሰጣነው፤ ቆዳው ትንሽ ሲሰነጠቅ ቶሎ ይደርቃል። የማርማላታውን ቀቅለን በንጹሕ ሻሽ አጠለልን፤ ዘሩና ገለባው ቀረ። ከዚያ ስኳር፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ረጅም ማማሰያ። አደ ዘህራ ስኳሩ ሲወርድ እያዩ «ያ አላህ፣ ይቺ ሁሉ!» እያሉ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ኮክ የማውቀው ነገር ነው፤ ይኼ ግን እንደ ውኃ እየቀጠነ አልጠነክር አለኝ። በቀዝቃዛ ሳህን ላይ አንድ ጠብታ እጥላለሁ፤ በጣቴ እገፋለሁ፤ ይፈሳል። አሁንም እጥላለሁ፤ ይፈሳል። የሰው ሠርግ ስኳር ጨርሼ ሽሮፕ ይዤ ልቀር ነው ስል፣ አንዷ ጠብታ በጣቴ ፊት ተጨማደደች። እልል ያልኩት እኔ ነኝ። አደ ዘህራም ምክንያቱን ሳይጠይቁ ተከተሉኝ። ጠርሙሶቹ ተሞሉ። በፀሐይ ላይ ሲታዩ የቀይ መስታወት ፋኖስ ይመስላሉ።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት፤ ዝናቡ

በኅዳር ይዘንባል ብሎ ማን ያስባል? ሰማዩ ከምዕራብ በኩል ጠቆረ። ሰሌኖቹ ጓሮውን ሞልተውታል፤ የአደ ዘህራ ቤት ደግሞ በሠርግ ዕቃ ተጣቦ መቆሚያ የለውም። የመጀመሪያዋ ጠብታ ግንባሬ ላይ ስታርፍ ሦስታችንም አንዳንድ ሰሌን ይዘን ባለንበት ተሽከረከርን።

አያ ይመር በወንዙ ድንጋዮች ላይ እየዘለሉ መጡ። ትልቅ ሸራ በትከሻቸው ጎትተዋል። ወዲያው ዘቢቡ ላይ ዘረጉት። ከዚያ ቀና ብለው፣ «መጋዘኔ ባዶ ነው፤ ማሽላው ገና አልገባም። ቆርቆሮ ነው፤ አያፈስም» አሉ። ከትልቁ ሰሌን አንዱን ጫፍ ያዙ።

ሌላኛው ጫፍ አጠገብ የቆሙት አደ ዘህራ ነበሩ።

አደ ዘህራ ጎንበስ ብለው አነሱት። ሁለቱ አዛውንቶች ሰሌኑን እንደ ቃሬዛ ይዘው ወንዙ ውስጥ ገቡ።

«ቀስ በል! ትደፋዋለህ!»

«አንቺ ነሽ የፈጠንሽው! ግራሽን፣ ግራሽን ርገጪ!»

«የቱ ነው ግራዬ?»

«ሱብሐነላህ፣ እስካሁን ግራሽን አላወቅሽም?»

ከስንት ዓመት ዝምታ በኋላ የተለዋወጡት የመጀመሪያ ቃል ይኼ ነው። እኛም የቀረውን ይዘን ተከተልናቸው። ዝናቡ ሳያይልብን ዘቢቡም ቲማቲሙም ከቆርቆሮው ሥር ገባ። ሁላችንም ውኃ እየተንጠባጠብን፣ እያለከለክን ግድግዳ ተደገፍን።

ከዲጃ ናት ያየችው። ምስማር ላይ በላስቲክ የተሸፈነ አዲስ ኮት ተሰቅሏል።

«አያ ይመር፣ ይኼ የማን ነው?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «የኔ ነው።»

«መቼ ገዙት?»

«ኒካሽ መቆረጡን የሰማሁ ጊዜ።»

ቆርቆሮውን ዝናቡ ይደበድበዋል። አደ ዘህራ ወደ ኮቱ ተጠጉ። «ማን ጠርቶህ ነው የገዛኸው?» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ማንም። ብትጠሪኝ ብዬ ነው።» ከመሬቱ ቀና ብለው፣ «ያን ቅርንጫፍ ጠይቄሽ መቁረጥ ነበረብኝ፣ ዘህራ» አሉ።

አደ ዘህራ ላስቲኩን ገፍፈው ኮቱን አወረዱ። «ልበሰው እስቲ።»

«በዚህ እርጥብ ሸሚዝ?»

«ልበሰው አልኩህ!»

ለበሱት። እጅጌው ጣታቸውን ዋጠው። አደ ዘህራ የሽማግሌውን ክንድ ይዘው እጅጌውን አጠፍ አደረጉና ለኩ። «ከዲጃ፣ ነገ መርፌና ክር አስታውሺኝ። ኒካው ላይ በዚህ እጅጌ አይቀመጥም።»

ከዲጃ ወደ ግድግዳው ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ታየኝ፤ ስትዞር ግን ትስቃለች። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

እሑድ፤ መመለሻ

ጧት ላይ ነው የገባን። ያ ሸራ የመጣው ከአያ ይመር በርበሬ ላይ ተገፍፎ ነው። ዘቢባችን ሲድን የእሳቸው በርበሬ በዝናብ ርሶ አድሯል። አደ ዘህራ ይኼን ሲያዩ ቁርስ እንኳ አልጠበቁም፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወንዙን ተሻገሩ። ፀሐይዋ ደግነቱ ዕዳዋን እንደምትከፍል ተበዳሪ ቀድማ ወጥታለች። በርበሬውን በየሰሌኑ ዘርግተን እየገለበጥን፣ የጠቆረውን እየለቀምን አረፈድን። አብዛኛው ተረፈ።

ስሰናበት ሁለቱም ቆመው ዱዓ አደረጉልኝ። አስፋልቱ ላይ ወደ ሰንበቴ ገበያ የሚወርዱ አይሱዙዎች ፍየልና ሰው ጭነው ያልፋሉ፤ እኔ ወደ ላይ፣ ወደ ደሴ። ሐርቡ ሹራብ፣ ኮምቦልቻ ጋቢ።

ደሴ ስደርስ ራውዳ በር ላይ ተቀበለችኝ። ገና ሳልቀመጥ፣ «አያ ይመር ኒካው ላይ ሊገኙ ነው» አልኳት። አላመነችኝም። ያመጣሁላትን ማርማላታ ጠረጴዛ ላይ ትታ ስልኳን አነሳች፤ ድምፁን ለሁላችን ከፍታ ወደ እናቷ ደወለች።

ያነሳው ግን የወንድ ድምፅ ነው።

«ራውዳ ነሽ? እኔ ይመር ነኝ! እናትሽ እጇ በርበሬ ነው፣ ስልክ መያዝ አትችልም። አንቺው ንገሪያት እስቲ፤ በርበሬ እንዲህ አይገለበጥም ብላት አልሰማ አለችኝ!»

ከበስተኋላ የአደ ዘህራ ድምፅ ደሴ ድረስ ይጮኻል፦ «ዝም ብለህ እጅጌህን አስለካ!»

ራውዳ ስልኩን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ እየሳቀች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።