ለቅቤ ነጋዴዋ የተሸጠ ምላጭ

ሱቅ ያለው ሰው የሰፈሩን ጓዳ ያውቃል። ማን እንግዳ እንደመጣበት፣ ማን አራስ እንዳለችው፣ ማን ከሚስቱ ተኳርፎ ራቱን ብስኩት እንደሚበላ፣ ማንም ሳይነግረን ከሚገዛው ዕቃ እናውቅ ነበር። በደህና ጊዜ ይህ ያስቃል። በደርግ ዘመን አምቦ ላይ ግን አያስቅም ነበር፤ ሳንፈልግ የሰው ምሥጢር ተሸክመን እንውል ነበር።

ባሌ ከኦጋዴን ሲመለስ የግራ ክንዱ ከትከሻው በላይ አልነሳ ብሎት ነበር። ከሠራዊቱ ከተሰናበተ በኋላም ሰፈሩ ሁሉ ሃምሳ አለቃ እያለ ነው የሚጠራው። መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ከፈትን፤ ሦስት ሴቶች ልጆች ወለድን። ቤት ውስጥ ልጆቹ ጀርባው ላይ ሲንጠላጠሉ የሚስቀው ሰው፣ ሱቅ ሲገባ ፊቱ ይለወጣል። ጀርባውን ለበር ሰጥቶ አያውቅም። አዲስ ሰው ገብቶ ሳሙና ቢጠይቀው፣ ሳሙናውን ከማውረዱ በፊት ሰውየውን ከጫማው ጀምሮ ይመረምረዋል። ሰውየው ሲወጣ፣

«ይሄ ሳሙና ሊገዛ አልመጣም» ይለኛል።

«ገዝቶ ሄደ እኮ!»

«እሱ ነዋ የሚያስፈራው።»

እስቅበታለሁ እንጂ እኔም አልሻልም ነበር። «አከም ቡልተኒ» ብሎ ሰላምታ ያስረዘመብኝን ሰው ሁሉ፣ ምን ፈልጎ ይሆን እያልኩ እሸኘዋለሁ።

ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው ከመጣ ወዲህ ነገሩ ባሰ። ወንድ ልጅ ያለው ሁሉ ልጁን አሸሸ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደግሞ የሱቃችንን አግዳሚ ወንበር ወደደ። ማልዶ መጥቶ አምቦ ውሃ ያስከፍትና ገቢ ወጪውን እያየ ይቀመጣል። ባሌ እንዳያባርረው ሹም ነው፤ እንዳያጫውተው ደግሞ አፉን አያምነውም። ሰፈሩ ግን የሚያየው ሁለቱን አንድ ደጃፍ ላይ ነው። «ድሮም ወታደር ነው፤ ሴት ብቻ የወለደ ምን ቸገረው» ይሉት እንደነበር ጆሮዬ ገብቷል።

ከጓሯችን በኩል ቅቤ የምትነግድ፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤት ነበረችን። አንድ ልጇ «ወለጋ አጎቱ ዘንድ ሄዷል» ከተባለ ከርሟል። እኛ ግን ብቻዋን የምትኖር ሴት ምን ያህል ዳቦ እንደምትገዛ እናውቃለን። እኔና ባሌ እንኳ ይህን አንድ ቀን በአፋችን አላነሳነውም።

አንድ ጠዋት ሊቀመንበሩ እንደተቀመጠ መጣች። ክብሪት ገዛች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሃምሳ አለቃ፣ ምላጭ ይኖርዎታል?» አለች።

ሊቀመንበሩ ጠርሙሱን ከአፉ አወረደ። ወንድ በሌለበት ቤት ምላጭ ለማን ነው? ባሌ ግን ፈገግ አለና ድምጹን ከፍ አድርጎ፣ «አዴ፣ ያ የተረከዝዎ ቆዳ ዛሬም አልለቀቀዎትም? ቀስ ብለው ይላጡት፤ ባለፈው አድምተውት አልነበር!» አላት።

ሊቀመንበሩ ሳቀና ወደ ጠርሙሱ ተመለሰ። ባሌን በልቤ መረቅሁት። የሴትየዋ ተረከዝ ግን ጤነኛ ነበር፤ ምላጭም ከእኛ ገዝታ አታውቅም። ፊቷ አመድ መሰለ። ምላጩን ተቀብላ፣ ክብሪቷን እዚያው ረስታ ሄደች።

በነጋታው ልጇ ጊንጪ ኬላ ላይ፣ እህል ከጫነ መኪና ላይ ከጆንያ ሥር ተይዞ መወሰዱን ሰማን። ከሰዓት በኋላ እሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጃፋችን ቆመች። ሰው ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩም ነበር።

«ሰው ፊት ነገር ወረወርክብኝ» አለችው። አንቱ ስትለው የኖረች ሴት ናት። «ማወቅህን ነገርከኝ። አልቆልኛል ብዬ፣ ሳይመጡብኝ ደንዲ ዘመዶቼ ዘንድ ላደርሰው በሌሊት አወጣሁት። እስከ ኬላው ድረስ ነግረህልኝ ኖሯል! ወንድ ልጅ አይስጥህ!»

ባሌ ምን ይበል? ልደብቅልሽ ብዬ ነው ካለ፣ ሊቀመንበሩ ፊት ራሱን በራሱ ማሰሩ ነው። ማታ እኔ ራሴ፣ «እውነት ለማንም አልተናገርክም?» አልኩት። «አንቺም?» አለኝ። ሄጄ ላስረዳት ስነሳም ከለከለኝ። «አታምንሽም። ካመነችሽም ለሰው ትናገራለች፤ ለእህቷ ብላ፣ ለንስሐ አባቷ ብላ። ሦስት ልጆች አሉን» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ግን ተናደድኩበት።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ማዶ ካለው ነጋዴ መግዛት ጀመረ። እሷ በደጃችን ስታልፍ በነጠላዋ ፊቷን ትጋርዳለች። እሱ እሷን ባየ ቁጥር መደርደሪያ ማስተካከል ይጀምራል፤ በዚያ በማይነሳው ክንዱ።

መንግሥት የወደቀ ጊዜ፣ የተበተነው ሠራዊት በአምቦ በኩል ወደ ወለጋ በእግሩ ተመመ። ባሌ በርሜል ሙሉ ውሃ ደጅ አውጥቶ፣ ለሚያልፈው ወታደር ሁሉ እየቀዳ «ከየትኛው ክፍል ነህ?» ይላል። የሚፈልገው የማንን ልጅ እንደሆነ አውቃለሁ። አንዱ እግሩን በጨርቅ የጠቀለለ ልጅ፣ ባሌ የልጇን ስም ሲጠራለት፣ «እሱን አውቀዋለሁ፤ አንድ ጋንታ ነበርን» አለው። ከዚያ አንገቱን ደፋ። «ምጽዋ ላይ እኔው ነኝ የቀበርኩት» አለ። ባሌ ቀና ብሎ አየኝ። ሌላ የሰማ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ እሷ መጣች። ከስንት ዓመት በኋላ ደፋችንን ረገጠች። አርጅታለች።

«ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎ የጦርን ነገር ያውቃሉ» አለች። «ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ልጄ ይመጣል?»

ይነግራታል ብዬ ጠበቅሁ።

«ይመጣል፣ አዴ» አላት። «የተማረኩት ኋላ ነው የሚለቀቁት።»

እግዜር ይስጥልኝ ብላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ውሃ ቀዳሁላት። እሱ ወደ ጓዳ ገባ፤ ቶሎም አልወጣም። እውነቱን ልንገራት አልኩ፤ ግን ፊቷን ሳየው ውሃውን ደገምኩላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኛችን ሆነች። በየማለዳው ትመጣለች፤ «ዛሬስ?» ትለዋለች፤ «ይመጣል» ይላታል። አንድ ቀን እሱ በሌለበት ስኳር ልትገዛ መጥታ እጄን ያዘችኝ።

«በባልሽ ላይ ክፉ ሳስብ ኖርኩ፤ ይቅር በይኝ» አለችኝ። «ውሸት የማያውቅ ሰው ነው።»

ስኳሩን መዝኜ ሰጠኋት።