ከሰርግ ቤት የመጣው ድንኳን

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለልጆቼም፣ ለጎረቤትም... ባለፈው ጁምዓ ኢክራም ደውላ «እትዬ ሰዓዳ፣ በኒካዬ ቀን በእናቴ ቦታ የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት» ባትለኝ ኖሮ አሁንም ዝም እል ነበር።

«እኔ ምን ቤት ነኝና፣ ልጄ?» አልኳት።

«ለእናቴ ድንኳኑን የላኩላት እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ...

የኢክራም እናት ዘይነባ ኮምቦልቻ ውስጥ የግድግዳ ጎረቤቴ ነበረች። ባለቤቴ የሞተው በክረምት ነው። ቅሬያችን፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ማለቴ ነው፣ ያኔ ድንኳን አልነበረውም። ዝናቡ ሲወርድብን ዘይነባ የሸራ ጫፍ ይዛ ከሰዓቱን ሙሉ እላዬ ላይ ቆመች። አንድ እጇ ሲዝል ወደ ሌላው ታዛውረው ነበር። «ሰዓዳ፣ ይሄ ቅሬ ድንኳን ሳይኖረው አልሞትም» ያለችኝ የዚያን ዕለት ነው።

ከዓመታት በኋላ፣ ከውጭ አገር ማኅበር ጋር የሚሠራ አንድ ድርጅት ለሴቶች ማኅበራት አነስተኛ ድጋፍ እንደሚሰጥ ሰማን። እኔ ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ከመሃላችን ግን ደህና አንባቢ እኔ ስለነበርኩ ጸሐፊ አደረጉኝ። የቢሮው ልጅ «ለለቅሶ ብላችሁ አትጻፉ፤ ገቢ የሚያስገኝ ነገር ይሻላል» አለኝ። እኔም «ለሰርግ የሚከራይ ድንኳን» ብዬ ጻፍኩ።

ሳነብላት ዘይነባ ሳቀች። «ለሰርግም ይሁን። ግን እነዚህ ሰዎች ስንሞትስ የት እንቀመጣለን ብለው አይጠይቁም?»

ድንኳኑ ተገዛ። ከኪራዩ ለተቸገረች ሴት ማበደር ጀመርን። ቀጥለን የእህል ወፍጮ ጠየቅን... እነሱም ከውጭ አገር አንዲት እንግዳ ልከው፣ ድንኳኑ ሥራ ላይ ሲውል አይታ እንድትወስን ሆነ። የሰፈራችን ሰው ጋሽ ተሾመ ልጁን የሚድርበትን ቀን መረጥንላቸው።

በዚያው ቀን፣ ሱብሂ ላይ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ታማ የሰነበተችው ዘይነባ ሞተች።

ኢክራም በባዶ እግሯ መጣች። «እትዬ... ድንኳኑን...»

«ልጄ፣ ሰርግ ቤት ተተክሏል። እንግዳዋም የምትመጣው እሱን ልታይ ነው። እስከ አስር ሰዓት ብቻ ታገሱኝ።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «እሺ» አለች።

ሄጄ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጥኩ። የኮምቦልቻ ፀሐይ እየገፋችን፣ እኛ ወደ ግድግዳው እየተጠጋን... ጥላው አለቀ። አሮጊቶቹ ፊታቸውን በሻሽ ሸፈኑ። የእኔ ጆሮ መንገዱ ላይ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ የምጠብቀው የእንግዳዋን መኪና ነበር።

መኪና አልመጣም። የመጡት ሚዜዎቹ ናቸው። ሱፍ ለብሰው፣ ደረታቸው ላይ አበባ ሰክተው፣ የድንኳኑን ብረት በትከሻቸው ተሸክመው። ከፊታቸው ጋሽ ተሾመ፣ ከረባቱ ወደ ጀርባው ዞሮ።

«ዘይነባን የሚያለቅስ ሰው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ እኔ ጥላ ሥር ልጅ ልዳር? ወላሂ አላደርገውም!» አለ። ክርስቲያኑ ሰውዬ በወላሂ ማለ።

«ሙሽሮቹስ?» አለች አንዷ።

«ዋርካው ሥር ናቸው። ትንሽ ቢጠቁሩ ነው... ፀሐይ የገደለው ሙሽራ አላየሁም!»

በለቅሶ መሃል ሳቅ አመለጠን። ድንኳኑ ሲተከል የወረቀት አበባው እንደተንጠለጠለ ነበር። አንዱ ሚዜ ሊበጥሰው ሲል፣ በየቤቱ ዱዓ የሚያደርጉልን አሮጊት፣ ዱበርቲያችን፣ «ተወው ልጄ፣ ሰርግ ትወድ ነበር» አሉት።

ኢክራም ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እርስዎ ነዎት የላኩባቸው! አውቄያለሁ። አላህ ጀዛዎን ይክፈልዎ!»

አፌን ከፈትኩ... ጋሽ ተሾመን አየሁት። ማንም እንዳልላከበት እሱ ያውቃል። ትንሽ ተመለከተኝና «አዎ፣ እሷ ናት የላከችብኝ» አለ።

አፌን ዘጋሁት።

እንግዳዋ የደረሰችው ወንዶቹ ጀናዛውን ይዘው ወደ ቀብር ከወጡ በኋላ ነው። አበባውን አይታ ፈገግ አለች። አስተርጓሚው «ሙሽራዋ የትኛዋ ናት? እያለች ነው» አለን።

«ወንዶቹ ይዘዋት ሄዱ» አሉ ዱበርቲዋ።

አስተርጓሚው መተርጎም አቃተው። እሷ ግን ፊታችንን ስታይ ገባት መሰለኝ፣ ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ከመሃላችን ተቀመጠች። ለመሄድ ስትነሳ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ለሐዘንም እንደሆነ ለምን አልጻፋችሁልንም?»

ወፍጮው መጣ። ሰፈሩ ተደስቷል። እኔ ግን ሞተሩ በተነሳ ቁጥር የምሰማው ያቺን «እሺ» ነው።

አምና ጋሽ ተሾመም አረፈ። ያው ድንኳን ተተከለለት። ከዚያ ወዲህ እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ... ብናገር ማን ይጠይቀኛል፣ ዝም ብልስ ማን ያውቃል?

ይህን ገና ኢንተርኔት ላይ አልለጠፍኩትም። በወረቀት ገልብጬዋለሁ። ነገ ደሴ ወጥቼ፣ ኢክራም የምትኖርበት ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሄጄ፣ እጇ ላይ አኖረዋለሁ። በእናቷ ቦታ ማን እንደሚቀመጥ አንብባ ትወስን።

እናንተ ጋ ከደረሰ... አንብባዋለች ማለት ነው።