ጥቁሯን መኪና ያዘገየሁበት ቀን

ፍኖተ ሰላም ላይ ፊዚክስ ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። አክስለሬሽንን፣ ማለትም የአንድ ነገር ፍጥነት በየሰከንዱ ምን ያህል እንደሚጨምር፣ የማስረዳው ጣውላ በጡብ ላይ አጋድሜ ብይ እያንከባለልኩ ነው። እኔ ራሴ ከአውቶቡስና ከጭነት መኪና በቀር ተሳፍሬ አላውቅምና ወንበር ላይ የሚያጣብቅ አነሣሥ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር።

ከሚሌኒየሙ በኋላ በአንዱ ጥር አብሮ አደጌ የእህቱን ሠርግ ሊደግስ ከአዲስ አበባ ማንኩሳ መጣ። ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሁለታችንም ያደግነው እዚያ ነው። እሱ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ትቶ የቡሬን በርበሬ ወደ አዲስ አበባ መጫን ያዘ፤ እኔ ኮሌጅ ገባሁ። ያኔ ሰው ሁሉ እኔን ጎበዝ፣ እሱን ሰነፍ ይለን ነበር። አሁን የመጣው ጀርመን ሠራሽ ጥቁር የቅንጦት መኪና ይዞ ነው። ቁመቷ እንደ ገጠር መኪና ከፍ ያለ ነው፤ አነሣሷ ግን የእሽቅድምድም ነው ተባለላት። የባሕር ዳር ሥራ ተቋራጭ የሆነው የሚስቱ ወንድም ደግሞ ጃፓን ሠራሽ ነጭ መኪና ይዞ መጣ፤ እሷም በቅንጦት የምታንስ አልነበረችም።

ደስ ብሎኝ ነበር ብል ውሸት ነው። እናቴ እንኳ የጥቁሯን መኪና በር እየዳሰሰች፣ «ተመስገን! ካገራችን አንድ ልጅ ወጣልን» ብላ መረቀችው። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

በመልሱ ማግስት ሁለቱ ሰዎች ክርክር ገጠሙ።

«ያንተዋ ከባድ ናት፤ እስክትነሣ ጾም ይገባል» አለ የሚስቱ ወንድም።

«ያንተዋ ድምፅ ብቻ ናት» አለ አብሮ አደጌ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «መምህር እያለ ምን ያጨቃጭቀናል? እሱ ይለካን። የተሸነፈ በግ ይረድ።»

የትምህርት ቤቱ ሰከንድ መቁጠሪያ ሰዓት ከቦርሳዬ አይለይም ነበር። ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ አራት መቶ እርምጃ ለካሁ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ተራ በተራ እንዲነዱ አዘዝኩ። አንዱ ሲነዳ ሌላው መነሻው ላይ ቆሞ ነጠላ ያወርዳል፤ እኔ መድረሻው ላይ ሆኜ ነጠላው ሲወርድ ሰዓቱን አስነሣለሁ። ጭነቱም እኩል ይሁን ብዬ በሁለቱም መኪና አንድ አንድ ሴት እንድትሳፈር ወሰንኩ። የአብሮ አደጌ ሚስት ከወንድሟ ጋር ሆነች፤ ሚስቴ ከአብሮ አደጌ ጋር። እንግዲህ ይህን ያደረግኩት እኔው ነኝ።

መድረሻው ላይ አህያ የሚነዱ አንድ አባት ቆሙ።

«አባቴ፣ መኪና እስኪያልፍ ትንሽ ይታገሱን» አልኳቸው።

«ምን ልታደርጉ ነው?»

«ማን እንደሚቀድም ልናይ ነው።»

መንገዱን አየት አደረጉና፣ «አንዱ ብቻውን እየሮጠ ማንን ይቀድማል?» አሉኝ። 

ነጠላው ወረደ። ጥቁሯ መኪና አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ተፈተለከች፤ ሳላስበው አጠገቤ ደረሰችና እንደ ነፋስ አለፈች። አሥራ ሦስት ሰከንድ። ፈንጠር ብላ ቆመች፤ ሚስቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወረደች። ትስቅ ነበር። ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

«ወይኔ! ወንበሩ እኮ ነው የዋጠኝ! ልቤን ከኋላ ትቼው መጣሁ!» አለችኝ።

ለልጆች ሳስተምረው የኖርኩትን ነገር ሚስቴ ከሰው መኪና ላይ አገኘችው። አብሮ አደጌ መሪውን ይዞ በመስኮት ፈገግ አለ።

«ስንት ገባሁ?» አለኝ።

«ሁለታችሁም ስትጨርሱ» አልኩት።

ነጯ መኪና በአሥራ አራት ሰከንድ ደረሰች። ሲሰበሰቡ ሰዓቱን ኪሴ ከተትኩና፣ «ነጯ አሥራ ሦስት፣ ጥቁሯ አሥራ አራት» አልኩ።

አብሮ አደጌ ሰዓቱን አሳየኝ እንኳ አላለም። «መምህር ካለ አለቀ» ብሎ ሄዶ በግ ገዛ። 

ለፋሲካ ሲመጣ ነጭ መኪና ይዞ ነበር፤ ልክ የሚስቱን ወንድም መኪና የመሰለች። ጥቁሯን ሸጧታል። «አስለወጥከኝ እኮ፤ ና ልንዳህ» አለኝና ወደ ቡሬ ወጣን። ያን ቀን በለካሁት መንገድ ላይ ሲረግጣት ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ፤ ሆዴ ባዶ ሆነ። እንዲህ ነው ለካ! ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

«ዋሽቼህ ነበር። ፈጣኗ ጥቁሯ ናት» አልኩት።

ዳር ይዞ አቆመ። «ለምን?»

«ሚስቴ ስትስቅ አይቼ። እናቴም መርቃህ።»

 መሪውን እያየ፣ «መኪናዬን እወዳት ነበር እኮ» አለ። ከዚያ ሳያየኝ፣ «ውረድልኝ» አለኝ።

ወረድኩ። ሲነሣ ከኋላ አየሁት፤ ያን ጊዜም ቀናሁበት።

ወደ እናቴ ቤት በእግሬ ስገባ ሚስቴ ምን ሆንክ አለችኝ፤ ሁሉንም ነገርኳት። ቅቤ ታነጥር ነበር፤ ማማሰያውን ይዛ ቀረች።

«ይቅርታ ጠየቅከው?»

«አልጠየቅኩትም።»

«እንግዲያ ምኑን ነገርከው?» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። ሊነሣ ዕቃ ሲጭን አገኘሁት፤ ይቅርታ ጠየቅኩት። «እሺ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። እስከ ዛሬ ስንገናኝ ሰላምታ አንነፋፈግም፤ የናቴንም ደኅንነት ይጠይቀኛል። ና ልንዳህ ግን ብሎኝ አያውቅም። መኪናው ፍኖተ ሰላም አደባባይ ላይ ቆማ ካየሁ አሁንም በሌላ መንገድ ዞሬ ነው የምሄድ።