ጠመንጃ ስወለውል የመጡብኝ እንግዶች

የምኖረው ሆሞሻ ነው። ከርከሮ በቆሎዬን ሲጨርስብኝ፣ ከአባቴ የወረስኩትን የአደን ጠመንጃ ከቆጥ አወረድኩት። ጥይት አለመጉረሱን አረጋግጬ በአፈሙዙ ውስጥ ብመለከት፣ የባሩዱ ጥላሸት ጠጥሮበት ጭስ ማውጫ መስሏል። ነጭ ጋዝ አፍስሼበት አሳደርኩትና ጠዋት ጨርቅ የጠመጠምኩበትን ዘንግ ከተትኩበት። መሀል ላይ ተቀረቀረ! ጎረቤቴ ኢድሪስ ሊረዳኝ መጥቶ ዘንጉን ያዘ፤ እኔ ሰደፉን አቀፍኩ።

«በል ሳብ!» አልኩት።

«እየሳብኩ ነው፤ አንተ ነህ የምትከተለኝ!» አለኝ።

እንዲህ እየተጓተትን ግቢውን ስንዞር ዘንጉ ድንገት ወጣ። ኢድሪስ በጀርባው ተዘረረ፤ ጥቁሩ ዝቃጭ ፊቱን ሸፈነው። እኔም ጠመንጃውን እንደታቀፍኩ ወደ በሩ ተንደረደርኩ። ለካ በሩ ላይ ነጭ ጋቢ የለበሱ የማላውቃቸው ሽማግሌዎች ቆመዋል። እኔን አዩ፣ የተዘረረውን ኢድሪስን አዩ፣ ዞረው እግሬ አውጪኝ አሉ። እንግዳ ከደጄ ተመልሶ ስለማያውቅ ጠመንጃዬን እንደያዝኩ ተከተልኳቸው።

«ኧረ በፈጠራችሁ፣ ቤት ያፈራውን ቅመሱ!» እያልኩ ስጮህ፣ አንደኛው ደክሞት ቆመና ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለ።

«ይማሩን ጌታዬ! ልጅዎን ለልጃችን ልንጠይቅ ነበር፤ ትተነዋል!»