ቅርፊት ከዳቦ የተለያየችበት ወር

በዚያ ዳቦ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ቅርፊት ፈቃድ አንድም ዳቦ ወደ መደርደሪያው ወጥቶ አያውቅም። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ዳቦ ስትበላ ከቅርፊቱ ስለምትጀምር ግን የሥራ ጓደኞቿ ይህን ሰጧት፣ እሷም ለመደችው። ጋጋሪው ከየዙሩ አንድ ትኩስ ዳቦ መዝዞ ያቀብላታል። ከጎኑ ገመስ ታደርግና ዓይኗን ጨፍና ታኝካለች። ያን ጊዜ አቡኪዎቹ እጃቸውን ይሰበስባሉ፣ ሻጯም ወሬዋን ታቋርጣለች። «ይውጣ» ካለች ይወጣል፤ «ይቆይ» ካለች ይቆያል። የዳቦ ቤቱ ባለቤት እንኳ አንድ ቀን ደፍሮ «እስቲ እኔም ልቅመስ» አላለም።

እንዲህ ስትኖር ውሃ ጥሙ በረታባትና ጤና ጣቢያ ሄደች። ደሟ ሲታይ ስኳሯ ከፍ ብሎ ተገኘ።

«አንድ ወር እንሞክር» አለቻት ሐኪሟ፣ ልጇ የምትሆን ወጣት። «ስታርች የበዛበትን ምግብ ይተዉ። ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ድንች...»

ቅርፊት ግን «ዳቦ» ከሚለው በኋላ ያለውን አልሰማችም። ሐሳቧ እዚያው ቀርቷል።

«ካልቀነሰስ?»

«መድኃኒት እንጀምራለን። ምናልባት መርፌም።»

መርፌ! ልብስ ሰፊ አግብታ ሠላሳ ዓመት ስትኖር፣ ባሏ ጠረጴዛ ላይ የረሳውን መርፌ እንኳ ፊቷን አዙራ ነው የምታነሳው። ያን ዕለት ቤቷ ስትገባ ገና ነጠላ ጫማዋን ሳታወልቅ አወጀች። «ስማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዱቄት የነካው ነገር እዚህ ቤት አይበላም!»

ዕድሜዋን ሙሉ ዱቄት ውስጥ የኖረች ሴት ናትና በእሷ ቤት ጠላቷ ዱቄት ብቻ ነው። ወፍጮ ያላየው ነገር ሁሉ ንጹሕ ነው። ስለዚህ ጠዋት ያልተፈጨ አጃ ቀቀለች፣ ቀን ሩዝ በላች፣ ከሰዓት በቆሎ ጋጠች፣ ማታ አንድ ድስት ድንች አቀረበች።

«አንቺ፣ ይሄ ድንች አልበዛም?» አለ ባሏ።

«ድንች ከጎመን ጎን ነው የሚሸጠው። አትክልት ነው።»

«እኔ እንኳ የአትክልት ሰው አይደለሁም። የማውቀው የቀሚስሽ ወገብ ገና እንዳልላላ ነው።»

በሁለተኛው ሳምንት ከባሏ ጋር ለምርመራ ሲሄዱ ስኳሩ እንደ መቀነስ ጭራሽ ጨምሮ ተገኘ። ሐኪሟ የምትበላውን አንድ በአንድ ጠየቀቻት። ቅርፊትም በኩራት ቆጠረችላት። ልጅቷ ሳቋን መያዝ አቃታት።

«እማማ፣ ከዱቄቱ ሸሽተው ጆንያው ውስጥ ገቡ እኮ! ሩዙም በቆሎውም አጃውም ያው እህል ነው፣ ቢፈጭም ባይፈጭም። ድንችና ስኳር ድንችም ሆድ ሲደርሱ ወደ ስኳር ይለወጣሉ። ባቄላና ምስርም ቢሆን በልክ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሥጋ ይብሉ። ዳቦስ?»

«በጭራሽ! ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም አልበላሁ!»

ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያ ጠዋት ጠዋት የምትቀምሺውስ?»

«እሱ ደግሞ መብላት ነው እንዴ? ሥራ ነው!»

«በቀን ስንት ጊዜ ይቀምሳሉ?» አለች ሐኪሟ።

«ስድስት ዙር ነው የምንጋግረው።»

«በየዙሩ ምን ያህል?»

ቅርፊት በመዳፏ አሳየቻት። ሐኪሟ መዳፉን አይታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እማማ፣ ሆድ ሥራውንና ምሳውን ለይቶ አያውቅም።»

ድንቹን መተው ቀላል ነበር፤ ማንም አይቶ አያጨበጭብም፣ ማንም አይቶ አይታዘብም። መቅመሱ ግን ክብሯ ነው። የማይቀምስ ቀማሽ ምን ሊባል ነው? በማግስቱ ጠዋት ለማንም ሳትናገር የዳቦውን ቂጥ በጣቷ አንኳኩታ አዳመጠችና «ይውጣ» አለች። ከረፋዱ በፊት ሁለት ደንበኞች ውስጡ ሊጥ የሆነ ዳቦ ይዘው ተመለሱ።

«ዛሬ ጆሮሽ ላይ ነው እንዴ ምላስሽ የበቀለው?» አላት ጋጋሪው። የሳቀ ሰው ግን አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰው።

ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ወይ መርፌ፣ ወይ ክብር። በነጋታው የመጀመሪያው ዳቦ ሲወጣ ገመሰችና ሁሉም እያየ ለጋጋሪው ዘረጋችለት።

«አኝክ።»

«እኔ?»

«"እኔም ምላስ አለኝ" እያልክ ስታጉረመርም አይደል የኖርከው? አኝክ እንጂ!»

ሰውየው አላመጠና ደረቱን ነፋ። «ይውጣ!»

«ይቆይ» አለች ቅርፊት። «ጥርስህ ላይ ተለጥፎብህ በምላስህ ስታላቅቅ አይቼሃለሁ።»

ዳቦው ቢቆረስ እውነትም መሃሉ አልበሰለም። አቡኪዎቹ በሳቅ ወደቁ። ከዚያ ወዲህ እሱ ያኝካል፣ እሷ መንጋጋውን ታነባለች። በአራተኛው ቀን «ቀበቶዬ ጠበበኝ፤ እኔንም ሐኪም ቤት ልታስገቢኝ ነው» ብሎ ማማረር ጀመረ። አንድ ጠዋት ደግሞ እሷ ጓዳ ሳለች ብቻውን «ይውጣ» አለ። ዳቦው እንከን አልነበረበትም። ቅርፊት በሩ ላይ ቆማ አየች። ምን ትላለች? ልክ ነበር።

በወሩ መጨረሻ ስኳሯ ወርዶ ተገኘ፤ እንደ ጤነኛ ሰው ባይሆንም ወርዷል።

«መርፌው ይቆየን» አለች ሐኪሟ ደስ ብሏት። «በዚሁ ይቀጥሉ።»

«እስከ መቼ?»

ልጅቷ ፈገግ ብላ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ካርዱ ላይ ጻፈችላት። ቅርፊትም ገብቷት ካርዱን ተቀብላ ወጣች።

ውጭ ሲጠብቃት የነበረው ባሏ ፊቷን አይቶ ደነገጠ። «ምነው? አልወረደም?»

«ወረደ። መርፌው ቀረ።»

«ታዲያ እልል አትዪም?»

«ዳቦውም ቀረ፣ ሰውዬ» አለችና ዘንቢሉን ከእጁ ተቀበለችው። «በል ና፣ ጎመን ሳያልቅብን።»