ያልተረፈው እንቁላል

ሉ ዌንሻን ከሻንጋይ ወደ ሊንታን መንደር ሲላክ አሥራ ስምንት ዓመት በቅጡ አልሞላውም። የከተማ ወጣት ገጠር ወርዶ ከገበሬ ይማር የተባለበት ዘመን ነው። እሱ ግን መጀመሪያ የተማረው ረሃብን ነው። እናቱ የቋጠረችለት ብስኩት በሳምንቱ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ጠዋት ስኳር ድንች፣ ማታ ስኳር ድንች ሆነ።

አንድ ቀን አዛውንቱ ፋንግ ከሻይ ተክሉ ዳገት ላይ ተንሸራተው ቁርጭምጭሚታቸው ዞረ። ዌንሻን አዝሎ ቤታቸው አደረሳቸው። ባለቤታቸው ለበዓል ካስቀመጡት ስኳር ቀንሰው በስኳር ውሃ እንቁላል ሠሩና በልጃቸው በላንዪንግ እጅ አቀረቡለት። በአገሩ ደንብ እንግዳ አንድ ሁለት ቀምሶ የቀረውን ይመልሳል። ያላገባ ወንድ፣ ያላገባች ልጅ ባለችበት ቤት ሳህኑን ሙልጭ ካደረገ ግን ልጅቷን ጠየቀ ማለት ነው። ይህን በሊንታን ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ያውቀዋል፤ ዌንሻን አያውቅም። የተራበ ሆድ መቼ ደንብ ጠይቆ ያውቃል! እንቁላሉን አንድ በአንድ ዋጠው፤ ውሃውን ጨለጠው፤ ይባስ ብሎ የሳህኑን ጠርዝ በጣቱ ጠረገው። እናትየው ምድጃው አጠገብ ክው ብለው ቀሩ። ላንዪንግ ፊቷ በርበሬ መስሎ ወደ ጓሮ ወጣች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ማጨቱን መጨረሻ የሰማው ራሱ ነበር። በማግስቱ ሩዝ ሲተክሉ ሴቶቹ በጎሪጥ እያዩት ይስቃሉ። የቡድኑ መሪ ደግሞ ትከሻውን ቸብ አድርጎ ሠርጉ መቼ እንደሆነ ጠየቀው። ነገሩ ሲገባው ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ካገባ የሻንጋይ መመለሻው ይዘጋል፤ ገበሬ ያገባ እዚያው ገበሬ ሆኖ ይቀራል። ካላገባ ላንዪንግ እንቁላሏ ተበልቶ የተተወች እየተባለች መሳቂያ ትሆናለች።

የገላገለችው እሷው ናት። ጭቃው ውስጥ እንዳጎነበሰች፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣

«አንተ፣ እንቁላሉን ለምን ጨረስከው?» አለችው።

«ርቦኝ ነው፤» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ሰማችሁ? ልጁ ርቦት ነው። አሁን ወሬውን ተዉና ትከሉ።»

ይህን ብልሃት ከየት እንዳመጣችው እንጃ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ነገሩም አለፈ። ዌንሻን ልብ ውስጥ ግን አላለፈም።

ዓመታት ሄዱ። ወደ ኋላ እየተራመዱ ሩዝ መትከሉን ለመደ፤ አልቅት ሲይዘው መጮህ ተወ፤ በመንደሩ አነጋገር መቀለድም ቻለ። ደስ ብሎት ይኖር ነበር ቢባል ውሸት አይደለም። የነፋንግ ጣሪያ አፈሰሰ ከተባለ መሰላል ተሸክሞ ከች ነው። ጣሪያው ያን ያህል አያፈስም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ላንዪንግም ሊያጯት ለመጡ ሁሉ ሰበብ አታጣም ነበር። እሱ ግን ሻንጋይን እያሰበ፣ እሷም እንቅፋት እንዳትሆንበት እየፈራች ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም።

በመጨረሻ የከተማ ልጆች ወደየቤታቸው መመለስ ይችላሉ ተባለ። ጓደኞቹ ያንኑ ቀን ጓዛቸውን መሸከፍ ጀመሩ። እሱ በማግስቱ ጠዋት እነፋንግ ቤት ሄደ። ሊሰናበት የመጣ መስሏቸው አዛውንቱ ትንባሆ ያጨሳሉ፤ እናትየው ዓይናቸውን በሽርጣቸው ይጠርጋሉ። ላንዪንግ ራሷ እንቁላል ሠርታ ፊቱ አኖረችለት። ሳህኑን ሞልታዋለች፤ ማስተረፍ እንዲቀለው ብላ ነው።

«አሁን ደንቡን ታውቃለህ፤» አለችው። «ቅመስና የቀረውን ተው። መንገድህ ሩቅ ነው።»

ዌንሻን ሳይቸኩል በላ። የመጨረሻዋ እንቁላል ስትቀር ቀና ብሎ አያት። ያቺንም እንቁላል በላት። ውሃውን ጠጣና ባዶውን ሳህን በሁለት እጁ ዘረጋላት።

«ዛሬም ርቦኝ ነው ልትል ነው?» አለችው።

«አይ፤ ቁርሴን በልቼ ነው የመጣሁት፤» አላት።